ያላበው ግድግዳ

ቀቢው ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው ፈቀቅ አደረገና ከኋላው ያለውን ጥግ ሲያይ ክው አለ። ሻጋታው ተመልሷል። አምና ቀብቶት ነበር፤ ካቻምናም ቀብቶት ነበር። ዘንድሮ ደግሞ ጥቁር ነጠብጣቡን ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ዘርግቶ፣ ምንም እንዳላጠፋ ሰው ዘና ብሎ ተቀምጧል። በጣቱ ሲነካው እንደ ጥቀርሻ ተለጠፈበት። ሽታው ረጥቦ የተረሳ ጨርቅ ይመስላል።

በሰፈሩ ቀቢው ይሉታል፤ ስም ጠፍቶለት ሳይሆን እጁ ከስሙ ስለቀደመ ነው። የእሱን ቀለም ያዩ ሰዎች ግድግዳውን እንደ ጉንጭ ይዳብሱታል። የገዛ ቤቱ ግድግዳ ግን በየክረምቱ ያሾፍበታል።

ሌላ ጊዜ ቢሆን እየሳቀ ባለፈው ነበር። አሁን ግን ሐሙስ ነው፤ ሚስቱና ልጁ ቅዳሜ ይመጣሉ።

ልጅቷን ፌንጣ ይሏታል። አምስት ዓመት ሳይሞላት ከወንበር ወደ አልጋ፣ ከአልጋ ወደ አባቷ ትከሻ ስትዘል ነው የምትውለው። ዝናቡ ሲገባ ግን መዝለሏን ተወች። ደረቷ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ማለት ጀመረ፤ ጤና ጣቢያ ሲወስዷት አስም ነው ተባለና በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ተሰጣት። መድኃኒቱ ያስታግሳታል፤ ቆየት ብሎ ይመለስባታል። በመጨረሻ እናቷ ሻንጣ ሸክፋ ይዛት እህቷ ቤት ሄደች። እዚያ ከገቡ ወዲህ ሳሉ ድራሹ ጠፋ። አክስቷ ቤት ውስጥ ተአምር የለም፤ መድኃኒቱም ያው ነው። ልዩነቱ ቤቱ ነው።

ሚስቱ በስልክ እንዲህ ብላው ነበር፦ «እሺ፣ ቅዳሜ እንመጣለን። ግን ስማኝ፤ እዚያ ቤት ገብታ ደግሞ ካፈናት ሁለተኛ አልመልሳትም። የተጣላሁት ካንተ ጋር አይደለም፣ ከቤቱ ጋር ነው። ችግሩ፣ አንተ ያለኸው ቤቱ ውስጥ ነው።»

ይህች ንግግር ከጆሮው አልወጣችም። ብሩሹን እያረሰረሰ ሳለ ጂፕሱ መሰላል ሊዋስ መጣ። ጂፕሱ የግድግዳ ለሳኝ ነው፤ ከራስ ፀጉሩ እስከ ጫማው የጂፕሰም ነጭ ዱቄት ስለማይጠፋው ነው ስሙ የወጣለት። ጥጉን አየና አፉን ጠመም አደረገ።

«ይኼን ልትቀባው ነው?»

«ታዲያ ልስመው?»

«የሰው ቤት ቢሆን ምን ትል ነበር?»

ቀቢው ብሩሹን መልሶ ነከረ። የሰው ቤት ቢሆን ምን እንደሚል ሁለቱም አሳምረው ያውቃሉ። «ልስኑ ይራገፍ፤ ግድግዳው ፀሐይና ንፋስ ይጥገብ፤ ከዚያ ጥሩኝ» ነው የሚለው። ደንበኞች ቢለማመጡትም፣ ቢያኮርፉትም ፍንክች አይልም። እርጥብ ግድግዳ ላይ ቀለም አያሳርፍም፤ በዚህ የታወቀ ነው።

«ቅዳሜ ይመጣሉ» አለ ቀቢው።

«የሚመጡት ቀለምህን ሊያደንቁ ነው?»

«አንተ ልጅ የለህም። ዝም በል።»

«ልጅ የለኝም፤ አፍንጫ ግን አለኝ።» ጂፕሱ መሰላሉን ትከሻው ላይ አወጣና በሩ ላይ ዞር አለ። «ቢያንስ ያን መስኮት ክፈተው እንጂ! እኔ አሁን ገብቼ ስወጣ ሻወር የወሰድኩ ነው የመሰለኝ።»

መስኮቱ ግን የቀቢው አልነበረም። መስኮቱ የእናቱ ነው።

እናቱ ከእነሱ ጋር ነው የሚኖሩት። ከቀቢው በፊት አንድ ወንድ ልጅ ነበራቸው። አንድ ክረምት መስኮት ተከፍቶ አደረ፤ ልጁ ደረቱን ያዘው፤ ብዙም ሳይቆይ ቀበሩት። መስኮቱ ይሁን ሌላ ምክንያት ማንም አልነገራቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁም። ከዚያ ወዲህ ለእሳቸው ብርድ የአየር ጠባይ መሆኑ ቀርቶ ሰው ሆኗል፤ አድራሻቸውን የሚያውቅ፣ ቀዳዳ የሚጠብቅ ክፉ ሰው። ዝናቡ ሊገባ ሲል በየመስኮቱ ስንጥቅ ጨርቅ ይወትፋሉ። ልጅቷ ስታስል ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ትልቁን ድስት ጥደው ውሃ ያፈላሉ፤ እንፋሎቱ ደረቷን እንዲፈታላት። ውጪ ዝናብ ስለሆነ ልብስም የሚሰጣው እዚያው፣ ከአልጋው በላይ በተዘረጋ ገመድ ላይ ነው። የመስኮቱ መስታወት ሲያለቅስ ይውላል፤ እሳቸው ደግሞ በጨርቅ ያብሱለትና ጨርቁን ጨምቀው ከልብሱ ጎን ያሰጡታል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ክፋት የለም። ቢኖር ለቀቢው በቀለለው ነበር።

ስለዚህ ቀባ። ከደንበኛ የተረፈ የዘይት ቀለም ነበረው፤ የሚያብለጨልጭ፣ ውሃ የማያስገባ፣ ውሃም የማያስወጣ። ሻጋታውን በሳሙና ውሃ አጠበና በቅጡ ሳይደርቅ ላዩን አለበሰው። የመስኮቱን ፍሬም ለፌንጣ ብሎ ሰማያዊ አደረገው። ቀለሙ በክፈፉና በመዝጊያው መሃል ጠብ ጠብ እያለ ገባ። አየው፤ ተወው። ማን ሊከፍተው?

አርብ ማታ እናቱ በሩ ላይ ቆመው ክፍሉን ቃኙና «አቤት! ሙሽራ አስመሰልከው» አሉ። እሱም ለአፍታ አመነ።

*

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ፌንጣ እንደ ጥይት ገባች። መጀመሪያ አያቷ ጭን ላይ፣ ቀጥሎ አልጋው ላይ፣ ቀጥሎ አባቷ አንገት ላይ ተንጠለጠለች። ቀቢው የልጁን ጠረን ሲስብ አንጀቱ ራሰ።

«እማማ፣ ሰማያዊ መስኮት!» አለች ለአያቷ።

«የኔ እናት፣ ላንቺ ነው ያስቀባነው! ነይ እስቲ፣ ከሳሽ እንዴ? አክስትሽ አታበላሽም?»

«አክስቴ ውሻ አላት!»

«እንግዲያው ውሻው በልቶብሽ ነዋ።»

ሚስቱ ግን ሻንጣውን ሳታስቀምጥ ቆማለች። አፍንጫዋ ሲንቀሳቀስ ቀቢው አየ።

«ቀባኸው» አለች።

«አዎ። ሁሉንም።»

«ከስር ደረቀ?»

«ተይው እስቲ፤ አሁን አይታይም።»

«እንዲታየኝ አይደለም የጠየቅኩህ» አለች፤ ነገሩን ግን አላራዘመችውም። ልጅቷ ደስ ብሏታል፣ አማቷ ደስ ብሏቸዋል፤ ይህን ደስታ የምታፈርስ እሷ መሆን አልፈለገችም።

ምሳ ተበላ። ሚስቱ ዳቦ ቤት ነው የምትሠራው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ተረኛ ናት። ስትወጣ መድኃኒቱን ከቦርሳዋ አውጥታ ባሏ መዳፍ ላይ አስቀመጠችና ጣቶቹን በራሷ ጣቶች አጠፈቻቸው።

«ካፈናት እንደነገሩን ትስባለች። ካልተሻላት አትጠብቅ፤ ጤና ጣቢያ። እማማ፣ እባክዎን ዛሬ ድስቱን ይተዉልኝ።»

«ድስቱ ምን በደለሽ ልጄ?»

«ምንም አልበደለኝም። ለኔ ሲሉ።»

«እሺ፣ እሺ። ሂጂ አሁን፣ ሥራ ይረፍድብሻል።»

በሩ እንደተዘጋ ዝናቡ ጀመረ። መጀመሪያ ቆርቆሮውን ጠቅ ጠቅ አደረገው፤ ወዲያው ዶፉ ወረደ። ፌንጣ በጨዋታ ደክማ አልጋው ላይ ተኛች። አንዴ አሳለች። ቀቢውና እናቱ ዐይን ለዐይን ተያዩ።

«ሰማህ?» አሉ እናቱ በሹክሹክታ።

«ትንታ ነው።»

ሁለተኛ ስታስል እናቱ ተነሡ። ድስቱን በውሃ ሞሉት፤ የኤሌክትሪክ ምድጃውን ወደ አልጋው አቀረቡት። ቀቢው አያቸው። ‹እማዬ፣ ተይው› ለማለት ከንፈሩ ተላቅቆ ነበር። ግን እናቱ የሚያደርጉት ሁሉ ጥንቃቄ ነው፤ ጥንቃቄን እንዴት ይከለክላሉ? ደግሞስ ትንሽ ሙቀት ምን ያደርጋል? እንዲህ ብሎ ራሱን ሸነገለና የተዝረከረከ ብሩሽ ለማጠብ ወደ ጓሮ ወጣ።

ሲመለስ በሩን ከፈተና እንፋሎቱ ፊቱን ሸፈነው።

ፌንጣ አልጋው ላይ ተቀምጣለች። ሁለት እጆቿን ጉልበቷ ላይ ተክላ፣ ትከሻዎቿ ወደ ጆሮዎቿ ወጥተዋል። በተነፈሰች ቁጥር የአንገቷ ሥር ጎድጎድ ይላል፤ የጎድን አጥንቶቿ መሃል ሲሰረጎድ በሹራቧ ላይ ሳይቀር ይታያል። ከደረቷ የሚወጣው ድምፅ ፉጨት ነበር፤ ቀጭን፣ የማያቋርጥ።

«አባ...» አለች። ‹ዬ›ዋን የምትጨርስበት ትንፋሽ አልነበራትም።

ቀቢው መድኃኒቱን አፏ ላይ ደገነ። «ሳቢ የኔ ልጅ፤ ቀስ ብለሽ። ጎበዝ! ያዢው፤ አሁን ልቀቂው።» ሳበች። ጠበቀ። ደገመላት። ፉጨቱ ጥቂት ሳሳ ብሎ ተመልሶ መጣ።

«ወደ ድስቱ አምጣት!» እናቱ ፎጣ ዘርግተው ቆመዋል። «ራሷን እንሸፍናትና እንፋሎቱን ትማገው፤ ይፈታላታል!»

«እማዬ፣ ቆይ።»

«ምን ቆይ አለ? ልጅቷ እያለቀችብን ነው!»

ያን ጊዜ ነው ቀቢው ግድግዳውን ያየው። ትናንት ያብለጨለጨው ግድግዳ አልቦታል። ነጠብጣቡ ከጣሪያው ሥር ተነሥቶ ቁልቁል ይንቆረቆራል። በጥጉ ደግሞ ቀለሙ እንደ ቃጠሎ ቁስል ውሃ ቋጥሯል፤ አንዱ ፈንድቶ ከሥሩ ጥቁሩ ሻጋታ ብቅ ብሏል። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቤት ግድግዳ ሲያነብ የኖረ ሰው ነው። ይህን ለማንበብ መነፅር አላስፈለገውም። ልጁ የምትስበው አየር ያንን ነው።

ምድጃውን ነቀለ። ወደ መስኮቱ ዘለለና የተወተፈውን ጨርቅ መንጭቆ እጀታውን አዞረ። መዝጊያው አልነቃነቅ አለ። ትከሻውን ጥሎ ገፋው። ወይ ፍንክች! የገዛ ሰማያዊ ቀለሙ መዝጊያውን ከክፈፉ ጋር እንደ ሙጫ አጣብቆታል። የቀለም መፋቂያውን አንሥቶ ስንጥቁ ውስጥ ሰካውና ወደ ታች ሳበው፤ ስለቱ አዳለጠና አውራ ጣቱን ከፈተው። ደሙ ሰማያዊው ላይ ተንጠባጠበ።

«ምን እያደረግህ ነው?» እናቱ ክንዱን ያዙ። «በዚህ ዝናብ መስኮት ልትከፍትባት? የወንድምህን ነገር አልነገርኩህም?»

«ነግረሽኛል፣ እማዬ። ልቀቂኝ።»

«አንተ ቀቢ እንጂ ሐኪም ነህ?»

«ቀቢ ነኝ! ቀቢ ስለሆንኩ ነው የማውቀው!»

ከኋላው ፉጨቱ ቀነሰ። ቀቢው ለቅጽበት ተሻላት ብሎ ደስ ሊለው ነበር። ዞር ሲል ግን የልጁ ከንፈር አመድ መስሏል፤ ፉጨቱ የቀነሰው የሚገባ አየር ስለጠፋ ነው። መፋቂያው ከእጁ ወደቀ። መስኮቱ ምን ያደርግለታል? በር እያለ!

ጃኬቱን ጠቅልሎባት ብድግ አደረጋት። እናቱ ግን ቀድመውት በሩ ላይ ደርሰዋል። ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። ትንሽ ሴት ናቸው፤ በዚያች ሰዓት ግን በሩን ሞሉት።

«እኔን ረግጠህ ካልሆነ አትወጣም።»

«እማዬ!»

«አንዱን በብርድ ቀብሬያለሁ። ሁለተኛ አልቀብርም። አልቀብርም አልኩህ!»

ቀቢው እናቱን መግፋት ይችል ነበር። ክንዱ ላይ ያለችው ልጅ ላባ ሆናለች፣ እናቱም ከባድ አይደሉም። ነገር ግን እናቱ ላይ እጁን ማንሣት አልቻለም። ልጅቷን እንዳቀፈ በሩን ተጠግቶ ቆመ።

በሩ አሮጌ ነው፤ በማጠፊያው በኩል ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለው። እናቱ ዘንድሮ መስኮቱን ሲወትፉ ይህን ዘንግተውታል። በዚያ ክፍተት ቀዝቃዛ አየር ስልል ብሎ ይገባል። ፌንጣ ዐይኗን ሳትገልጥ ፊቷን ወደዚያ አዞረች። አንገቷን ሰግጋ፣ አፏን ከፍታ፣ ጡት እንደሚፈልግ ሕፃን አየሩን ፈለገችው። አባቷ ክንዱ ላይ ሊያስተካክላት ሲል ጣቶቿ በአያቷ ሹራብ ላይ ተጣበቁና ራሷን መልሳ ወደዚያው ሳበች።

እናቱ አዩዋት። ወደ ክፍተቱ አዩ። እንደገና አዩዋት። እጃቸው ከበሩ ላይ ቀስ እያለ ወረደ።

«የኔ እናት» አሉ፤ ድምፃቸው የራሳቸው አይመስልም። «እሱን ነው የምትፈልጊው?»

ከዚያ ዘወር ብለው በሩን ራሳቸው ወለል አድርገው ከፈቱት። ሻርፓቸውን ከትከሻቸው ገፈው ልጅቷ ላይ ጣሉ፤ ዣንጥላውን ከመስቀያው መዘዙ። «ምን ቆመህ ታየኛለህ? ሩጥ!»

ሮጠ። እናቱ በነጠላ ጫማ፣ ዣንጥላውን በልጅቷ ራስ ላይ ዘርግተው፣ እሳቸው እየበሰበሱ አጠገቡ ሮጡ። ከዚያ በፊት ሲሮጡ አይቷቸው አያውቅም።

*

ጤና ጣቢያው ከአስፋልቱ ማዶ ነው። ነርሷ ልጅቷን ስታይ ጥያቄ አላበዛችም፤ ጭንብል አደረገችላትና ማሽኑን አስነሣች። መድኃኒቱ በነጭ ጉም መልክ ወደ አፍንጫዋ ይገባ ጀመር። እናቱ ጉሙን አይተው ቀቢውን ጎሰም አደረጉት።

«እንፋሎት አይደለም እንዴ ይሄ?»

«መድኃኒት ነው፣ እማዬ።»

«እንግዲህ እኔ ምን ላውቅ?»

ቀስ በቀስ ትከሻዋ ከጆሮዋ ወረደ። የአንገቷ ጎድጓዳ ሞላ። ከንፈሯ ቀላ። ነርሷ የቀቢውን አውራ ጣት እያሸገች ቤት ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቀችው፤ አንድም ሳያስቀር ነገራት። ግድግዳውን፣ ቀለሙን፣ ልብሱን፣ ድስቱን፣ መስኮቱን።

«ሻጋታና የቀለም ሽታ እንዲህ ዓይነቱን ደረት ይቀሰቅሰዋል» አለች ነርሷ። «የታፈነ እርጥበት ደግሞ ሻጋታውን ይቀልበዋል። ክፍሉ ደረቅ ይሁን፤ አየር ይግባው። እስከዚያ እዚያ ባታድር ይሻላል።»

«ሙቀቱስ?» አሉ እናቱ። ልብሳቸው ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። «ሙቀቱም ስህተት ነበር?»

ነርሷ ዞር ብላ በደንብ አየቻቸው። «ሙቀቱ ልክ ነበር፣ እማማ። ለልጅ ሙቀት ያስፈልጋል። ውሃው ነው የበዛው።»

እናቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ግማሽ ፍርድም ቢሆን ለእሳቸው ትልቅ ነገር ነበር።

ሚስቱ ስልክ ተደውሎላት የዳቦ ቤት ሽርጧን ሳታወልቅ ደረሰች። ልጇን አቀፈች፤ ጆሮዋን ደረቷ ላይ ለጥፋ አዳመጠች። ቀና ስትል ቀቢው አፉን ሊከፍት ነበር፤ እናቱ ቀደሙት።

«ድስቱን የጣድኩት እኔ ነኝ። አደራሽን በላሁ። እሱን እንዳትቆጪው።»

«ስትጥድ አይቻታለሁ» አለ ቀቢው። «ዝም አልኩ። ግድግዳውንም እርጥብ መሆኑን እያወቅኩ ነው የቀባሁት።»

ሚስቱ አንዴ እሱን፣ አንዴ አማቷን አየች። ቁጣዋ ማን ላይ እንደሚያርፍ ያጣ ይመስል ነበር። ቆይታ ሽርጧን ፈታችና የአማቷን ራስ ማድረቅ ያዘች፤ ጠንከር አድርጋ፣ እንደ ልጅ።

«አልመልሳትም ብዬህ ነበር» አለችው እያደረቀች።

«ብለሽኛል።»

«ቃሌ ቃል ነው። ዛሬ ከዚህ ቀጥታ ወደ እህቴ ነው የምንሄደው።»

«እሺ።»

«እስከ መቼ እንደሆነ አትጠይቀኝም?»

«የምጠይቅበት አፍ የለኝም።»

እጇን ከአማቷ ራስ ላይ አነሣች። «ቀብተህ እንዳትጠራኝ። ሰማህ? ባዶውን ነው የማየው። ባዶውን ደረቅ አድርገህ አሳየኝ፤ ያኔ እንነጋገራለን።»

*

ሰኞ ጂፕሱ መዶሻውን ይዞ መጣ። ምንም አላለም፤ ይህም ለእሱ ትልቅ ድካም ነበር። ልስኑን ከጥጉ ጀምረው አራገፉት። ጡቡ እስከ ጉልበት ድረስ ጠቁሮ ረጥቧል። ወደ ውጪ ዞረው ሲያዩ ከጓሮ የተከመረው አፈር ግድግዳውን ተደግፎ ውሃውን እንደ ስፖንጅ ይዞለት ነበር። አፈሩን ዝቀው አራቁት፤ ለዝናቡ መውረጃ ቦይ ቀደዱለት። መስኮቱን በመፋቂያና በመዶሻ እያባበሉ ከፈቱት። ልብስ ማስጫው በረንዳ ላይ ወጣ፤ ድስቱ ወደ ማድ ቤት ተመለሰ፤ ቁም ሣጥኑ ከግድግዳው ራቅ ብሎ ቆመ።

ቀቢው በየቀኑ ከሥራ ሲመለስ እናቱን እዚያ ክፍል ያገኛቸዋል። ሁለት ሹራብ ደራርበው፣ እግራቸውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ ከክፍቱ መስኮት ፊት ለፊት ተቀምጠው ይጠብቁታል፤ ዝናቡ ሲያዘነብል ይዘጉታል፣ ሲያባራ ይከፍቱታል። ጂፕሱ አንድ ቀን «ዘበኛ ሆኑ እንዴ፣ እማማ?» ብሎ ቢጠይቃቸው «ሌባው በየት በኩል እንደሚገባ ተሳስቼ ነበር» አሉት።

ጡቡ ቶሎ አልደረቀም። ከታች ያለው ጥቁር መስመር ግን በየሳምንቱ ወደ ወለሉ ዝቅ ይላል። ጎረቤቶች የራስህን ግድግዳ ምነው ሳትቀባው ተውከው ሲሉት ቀቢው «ገና ነው» ብቻ ይላቸዋል።

አንድ እሁድ ከሰዓት ስልኩ ጮኸ። እናቱ አነሡት፤ ቀቢውም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረጉት።

«እማማ ታውቂያለሽ ዛሬ የአክስቴ ውሻ ካልሲዬን ወሰደና አልጋ ሥር ገባ እኔም ተከትዬው ገባሁ እማዬ ደግሞ ውጪ ስትፈልገኝ እኔ አልጋ ሥር ዝም ብዬ ውሻውም ዝም ብሎ ከዚያ ሳቄ መጣና አገኘችኝ ካልሲው ግን ተቀዶ ነበር ውሻው ግን አልተቆጣም እኔ ነኝ የተቆጣሁት ከዚያ ታረቅን...»

ቀቢው «ፌንጣዬ» ሊል አፉን ከፈተ። እናቱ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙት።

«አታቋርጣት» አሉ ስልኩን ወደ ጆሯቸው እያስጠጉ፤ ዐይናቸው እንባ አቅርሯል። «ሰማሃት? ለትንፋሽ እንኳ አላረፈችም።»